ሄስተር ጊቲንስና በመስኮቱ ሥር የበቀሉት አበቦች

ሄስተር ጊቲንስን መንደሩ ሁሉ የሚያውቃት በቁመቷ ነበር። ፖም ሲለቀም መሰላል የማትፈልግ ሴት እሷ ብቻ ነበረች። በየቤቱ በር ጎንበስ ማለት ስለለመደባት ሜዳ ላይ እንኳ ስትሄድ አንገቷን ደፋ ታደርጋለች። አላገባችም። ለምን ሲሏት፣ «ሽቅብ አንጋጦ የሚለምነኝ ወንድ ጠፋ» ትላለች። የሰው ልብስ እያጠበች አልጋ ላይ የቀረች ታናሽ እህቷን ዊኒን ታስታምማለች፤ በተረፋት ሰዓት ደግሞ የበረዶ ጠብታ የምንላትን አበባ ታበቅላለች። እኔ ጎረቤቷ ነኝ። አጥራችን አጭር ስለሆነ የማላየው ነገር አልነበረም፤ ማየትም እወዳለሁ።

ይህች አበባ በረዶው ገና ሳይቀልጥ ነጭ ራሷን ደፍታ ብቅ ትላለች። ለዓይን ደስ ትላለች፣ ቤት ግን አትገባም። አንዷን እንኳ ቆርጠው ካስገቡ ከዚያ ቤት ሬሳ ይወጣል ይባላል። እኔ በዚህ አላምንም። አስገብቼም አላውቅም።

ሄስተር ግን ከልቧ ታምን ነበር። በዓለም ላይ የምትፈራውም አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዊኒ እንዳትሞትባት። ዊኒ ደግሞ በየክረምቱ አበባ አምጪልኝ ትላለች። አልጋዋ ፎቅ ላይ ነው፤ አበቦቹ ያሉት ከጓሮ፣ ከፖም ዛፎቹ ሥር ሲሆን የእሷ መስኮት የሚያሳየው ባዶ ሣር ነው።

«አንዷን ብቻ! አይቻት መልሺያት» ትላለች ዊኒ።

«አርፈሽ ተኚ! ገድለሽ ልትገላገይኝ ነው?»

«የምሞተው እኔ፣ የምትገደይው አንቺ? ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ሒሳብ ነው?»

አንድ ዓመት ሄስተር መላ አገኘች። የበረዶ ጠብታ የምትዛወረው አበባዋ ረግፎ ቅጠሏ ገና አረንጓዴ ሳለ ነው፤ ሥሯ ከደረቀ በኋላ ቢተክሏት ብዙ ጊዜ አትይዝም። በዚያው ወቅት ከዛፎቹ ሥር ያሉትን ሁሉ በመንሽ አንስታ፣ ነጭ ሽንኩርት እንደሚፈለፈል ሥራቸውን ለያይታ፣ በዊኒ መስኮት ትይዩ ሣሩ ላይ ክብ አድርጋ ተከለቻቸው። እኔም ውሃ አቀብያታለሁ። ክብ ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ።

በቀጣዩ ክረምት አንድ ማለዳ ዊኒ መስኮቱን ስትደበድብ ሰማሁና ነጠላ ጫማዬን እንኳ ሳልቀይር ሮጥኩ። ሄስተር ሣሩ ላይ ደርቃ ቆማለች። ክብ በተከልንበት ቦታ አንዲት ቅጠል የለችም። ከዚያ ፈንጠር ብሎ አበባው እንደ መቃብር ረጅምና ጠባብ ቦታ ከቦ በቅሏል፤ አራት ማዕዘን አለው፣ ጠርዙ በገመድ የተለካ ይመስላል። ዙሪያውን ሁሉ በረዶ ሸፍኖታል፤ በመሃሉ ግን ጥቁር አፈር ብቻ ነው። ውሻዬ ጂፕ እስከ ጫፉ ሄደና አሽትቶ፣ በእግሬ መሃል ተወሸቀ።

«ጉንዳን ነው» አልኩ። «ፍሬውን እየጎተተ የትም ይወስደዋል።»

«ጉንዳን ማዕዘን ያወጣል እንዴ?» አለች ሄስተር።

ጎንበስ ብዬ ጂፕን አቀፍኩት።

ሄስተር መንሹን አመጣችና አበባውን ከነሥሩ ገልብጣ፣ ከአሳማው ጋጥ ጀርባ ወስዳ አቃጠለችው። ያን ዓመት ዊኒን እንደ እንቁላል ያዘቻት። ሳል ካለች ሐኪም፣ ዝም ካለች ሐኪም። እሷ ራሷ ግን ከሳች፤ ማታ ማታ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ የእህቷን ትንፋሽ ታዳምጥ እንደነበር ዊኒ ነግራኛለች። ክረምቱ ሲመለስ አበባውም በዚያው ቦታ፣ በዚያው ልክ ተመለሰ።

ያን ጊዜ ዊኒ ጋ ተቀምጬ ነበር። ሄስተር ሾርባ ይዛ ገባችና ወደ መስኮቱ ላለማየት ፊቷን አዞረች።

ዊኒ ሳቀች። «እኔማ ሳየው ነው የከረምኩት። አልጋዬን አንጥፈውልኛል። ግን ሰዎቹ ለክተውኝ አያውቁም መሰለኝ፤ ለእኔ ይረዝማል። እዚያ ውስጥማ ስንከባለል ልኖር ነው!»

ሄስተር ሳህኑን አስቀመጠች። ደረጃውን ወረደች። ከመስኮቱ ስናይ ሽርጧን ፈታ አጥሩ ላይ ሰቀለች፣ ወደ አበባው መሃል ገባች፣ ቀስ ብላ በጀርባዋ ተጋደመች። የራስ ፀጉሯ የላይኛውን ረድፍ ነካ። የጫማዋ ጫፍ የታችኛውን ረድፍ ነካ። ክንዶቿን ወደ ጎኗ ሰበሰበች፤ ግራና ቀኝ አንድ አበባ አልተጫነችም። ንፋስ አልነበረም፣ አበቦቹ ግን ሁሉም ይንቀጠቀጡ ነበር። እኔ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ሄስተር ግን ወደ እኛ ቀና ብላ አየችና ፊቷ በራ።

«ዊኒ! የኔ ነው! የኔ ነው እንጂ ያንቺ አይደለም!» ብላ ጮኸች፤ ከልቧ ሳቀች።

ዊኒ መጋረጃውን ጎትታ ዘጋችው፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች።

አመሻሽ ላይ ሄስተር በሬን አንኳኳች። እንደ ልማዷ ጎንበስ ብላ ገባች።

«ገንፎ ትሠሪያለሽ አይደል?» አለችኝ።

«ምን የሚሉት ጥያቄ ነው?»

«ዊኒ በጨው ነው የምትወደው። ስኳር ካደረግሽበት አትነካውም። ወተቱን ከላይ፣ ሳይቀላቀል። ጠዋት ጠዋት ጀርባዋን እሺልኝ፣ ስታሽያት ትሰድብሻለች፣ አትስሚያት።»

«አንቺ ሴትዮ አበድሽ? ሣር ላይ በበቀለ አበባ ነው የምትናዘዥው? ሂጂ፣ እራትሽን በልተሽ ተኚ! ኧረ ሂጂልኝ!»

አልተቆጣችም። «በጨው» አለችና ወጣች።

በሩን በኃይል ዘጋሁት። ምድጃው አጠገብ ተቀምጬ ብቻዬን ስሳደብ ቆየሁ፤ እሷንም፣ አበባውንም፣ ክብ ሲተከል ውሃ ያቀበልኩትን ራሴንም። ከዚያ ተነስቼ ከምድር ቤቴ ክፍል ማገዶውን አወጣሁ፣ ወለሉን ጠረግሁ፣ ለዊኒ የሚሆን አልጋ ዘረጋሁ።