ገና በሕይወት አለ

ዛሬ ጠዋት አንድ ተማሪ ፍላሹን ይዞ ወደ ሱቄ መጣ። ኮምፒውተሬ እስኪነሳ ቆመን ስንጠብቅ ስክሪኑ ላይ የበራውን የድሮ ሲስተም አየና ሳቀ።

"ይሄ ነገር ገና በሕይወት አለ እንዴ?"

"አለ" አልኩት።

ፍላሹ ላይ ያለው ጽሑፍ አልከፈት አለን። ልጁ ሌላ ቤት ፍለጋ ወደ አዲሱ ገበያ ሄደ። ይሂድ። ሳቁ ግን አብሮኝ ዋለ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩበትን ክረምት አስታወሰኝ።

በዚያ ክረምት ታላቅ ወንድሜ ሀብታሙ ሞተ። ቀጨኔ ዳገቱ ላይ ያለችው ይህች የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት የእሱ ነበረች። አርባው ከወጣ በኋላ እማዬ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ጭቃው ከደንበኛ ጫማ ጋር ይገባል፤ ቤቱ እርጥብ ካርቶን ካርቶን ይሸታል። እኔ ደግሞ... እንዴት ልበለው፣ የእሱ ወንበር ላይ ተደላድዬ መቀመጥ አልቻልኩም። ጫፉ ላይ ነበር የምቀመጠው።

የወንድሜ ጓደኛ ቢንያም ኮምፒውተር ይጠግናል። አንድ ቀን ላፕቶፑን በፌስታል ሸፍኖ መጣ።

"አቡሽ፣ ይሄን ሲስተም በአዲስ እንቀይረው። ጊዜው አልፎበታል፤ ቫይረስ ይጨርስሃል። ተማሪ የሚያመጣልህን ፋይል እንኳ አይከፍትም።"

"የሀብታሙ ጽሑፎችስ?"

ወንድሜ የሚጽፈው አዲሱ ሲስተም በማያውቀው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ነበር። የሰፈሩን ዕድሮች መተዳደሪያ ደንብ፣ የሰንበቴውን ጥሪ፣ ሁሉንም። ቢንያም አንዱን ላፕቶፑ ላይ ከፈተው። ፊደል የለም። ሰረዝ፣ ቅንፍ፣ የተዘበራረቀ የፈረንጅ ፊደል።

"መለወጫ አለው" አለኝ። "አንዳንድ ፊደል ብቻ ነው የሚበላሸው።"

"የትኛው?"

"ኧረ እኔ ምን አውቃለሁ! እያነበብክ ታስተካክላለሃ።"

እማዬ ምሳ ዕቃውን ይዛ ስትገባ ክርክሩን ሰማች። ሽሮው ገና ይጨሳል። ለእኔ ታደላለች ብዬ ነበር።

"ወንድምህ እኮ አዲስ ነገር ካየ እንቅልፍ አልነበረውም" አለች። "እሱ ቢሆን እስካሁን ቀይሮት ነበር። እንጀራህን አስብ ልጄ።"

እውነቷን ነው። ያናደደኝም እሱ ነው።

"እሱ ቢኖር እሱ ይወስን ነበር" አልኳት። "የለም። አሁን የምወስነው እኔ ነኝ። አይነካም!"

ቢንያም ላፕቶፑን ዘጋ። "ግትር! ቁርጥ ወንድምህን" አለና እጁን ታጥቦ አብሮን በላ። "በል ቢያንስ ኢንተርኔቱን ንቀልለት።"

ነቀልኩለት።

ሥራው ቀነሰ፤ አልዋሽም። ተማሪዎቹ ሸሹ። መስከረም ሲጠባ ግን የዕድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ታደሰ ዳገቱን ወጥተው እያለከለኩ መጡ። ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ ሊጨመር ነበር።

"በፍላሽ ይዘነው የሄድንበት ሁሉ ፊደል ሳይሆን ምልክት ነው የሚያሳዩን" አሉኝ። "ደንቡ ከሀብታሙ ጋር ተቀበረ ብለን ነበር።"

ከፈትኩት። ፊደሉ ሙሉ ነው፤ አንዲት ጭረት አልጎደለም። ርዕሱ እንኳ እሱ እንዳሳመረው አለ። እሱ ካቆመበት ሥር አዲሱን አንቀጽ እኔ ጻፍኩ። ጋሽ ታደሰ አንብበው ራሳቸውን በእሺታ ሲነቀንቁ ነው ወንበሩ ላይ ተደላድዬ መቀመጤን ያወቅሁት።

አዲሱ ሲስተም ያዋጣል ወይ ብትሉኝ፣ ያዋጣል። የዛሬው ልጅ ልክ ነው፤ ቢንያምም፣ እማዬም። ይህ ማሽንም አንድ ቀን በራሱ ጊዜ ይሞታል። ያንን ማስቆም አልችልም። ግን በገዛ እጄ? እምቢ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው። ደንበኛው ይቆጣል። ይቆጣ። እኔ እስኪነሳ እጠብቀዋለሁ።