የነጠላው እጣቢ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ እጄ የለመደው ሳሙና እንጂ እስክሪብቶ አይደለም። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። እንግዳ ከመጣ ሻይ አቀርብና ወደ ጓዳ እገባለሁ። ይህን ግን ሳልናገረው ቢቀር ይቆጨኛል፤ ስለዚህ በወረቀት ልሞክረው።

የምንኖረው ቀራንዮ ነው፤ ስድስት ቤተሰብ በአንድ በር የምንገባበት ግቢ ውስጥ። እኔ የሰው ልብስ አጥባለሁ። ከጓሮ በኩል ያሉት፣ እትዬ የምንላቸው ጎረቤታችን አራት የወተት ላሞች አሏቸው። የላሞቹ እበት ለዓመታት ሲያጣላን ኖሯል፤ ክረምት ሲሆን እስከ ደጃፋችን ይፈስ ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር ደግሞ ሁላችንም ከሰል ፍለጋ እንሯሯጣለን። አንድ ቀን በዚሁ እበት ስንጨቃጨቅ፣ ጡረታ የወጡት ግንበኛ ጎረቤታችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ "የምንጣላበትን ነገር ለምን አናነደውም?" አሉ። ገጠር ሲሠሩ የባዮጋዝ ጉድጓድ ገንብተው ያውቁ ነበር።

ግቢው በሙሉ ቆፈረ። ጋሼ ጉድጓዱን በብሎኬት ገነቡና በላዩ ላይ የተደፋ ድስት የሚመስል የሲሚንቶ ጉልላት አበጁለት። ልስኑን በእጃቸው እያሻሹ ሲያለሰልሱት ሕፃን የሚያጥቡ ይመስሉ ነበር። ከጉልላቱ አናት የወጣው ቱቦ ወደ ጋራ ማዕድ ቤታችን ገባ። ከዚያ ሥራው በተራ ሆነ፤ ተረኛው ጠዋት አንድ ባልዲ እበት በአንድ ባልዲ ውሃ በጥብጦ ጉድጓዱ ውስጥ ይደፋል።

ጋዙ መጀመሪያ የነደደ ቀን ሚኒባስ የሚነዳው ጎረቤታችን እየዘለለ "እትዬ፣ ላሞችዎ ማደያ ከፈቱ እኮ! ነገ መኪናዬን እዚሁ ልሙላ?" አለ።

"መጀመሪያ ሣር አምጣላቸው፤ ማደያ በባዶ ሆድ አይሠራም" አሉት እትዬ።

እሳቱ ሰማያዊ ነበር። ጭስ የለው፣ ጥላሸት የለው። የድስቶቻችን ቂጥ ነጭ እንደሆነ ቀረ። አንዷ ሽሮዋን ስታወርድ ሌላዋ ሻይዋን ትጥዳለች፤ በባዶ የሚነድ እሳት አልነበረም። ሲያጣላን የኖረው እበት ማዕድ ቤት ውስጥ ሰበሰበን። እኔም ሳልናገር የሰውን ወሬ እያዳመጥኩ መሳቅ ለመድኩ።

የፋሲካ ጾም ሲገባ የሰፈሩ ነጠላና ጋቢ ሁሉ እኔ ጋ መጣ። ውሃ የሚመጣልን በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ተራዬ ሲደርስ ንጹሕ ውሃ እበት ላይ መድፋት አንጀቴ እምቢ አለኝ። የነጠላውን እጣቢ በባልዲ ቀዳሁና በእሱ በጠበጥኩት። 'ጎበዝ፣ ውሃም ቆጠብሽ' አልኩ በልቤ። ሥራ የበዛባቸው ተራቸውን ሲሰጡኝም በደስታ ተቀበልኩ፤ እጣቢ እንደሆነ ሞልቶኛል። ሦስት ሳምንት እንዲሁ አደረግኩ።

እሳቱ እያነሰ ሄደ። ከዚያ ተርገበገበና ጠፋ። ፋሲካ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ጉድጓዱ ዙሪያ ተሰበሰበ። ሹፌሩ ዶማ ይዟል።

"ጋሼ፣ አይቀየሙኝ፤ ሲሚንቶው ተሰንጥቆ ጋዙ እያመለጠ ነው። ጉልላቱ ይፍረስና እንየው።"

"የኔ ግንብ አይሰነጠቅም!" አሉ ጋሼ።

"አይዞዎት ጋሼ" አሉ እትዬ በለሰለሰ ድምፅ፤ "ዕድሜ ነው። እጅም ይደክማል።"

ይህ ከዶማው ይልቅ ጎዳቸው። እጃቸውን አይተው ወደ ኪሳቸው ከተቱት። "ይህ ጉድጓድ እኮ እንደ ሊጥ ነው" አሉ፤ "እበቱ ካልቦካ ጋዝ የለም። አሁን ለምን አልቦካ እንዳለ ነው የጠፋብኝ።"

እንደ ሊጥ ሲሉ፣ ልጅ ሳለሁ የሊጥ እቃ በበረኪና አጥቤ፣ እርሾው ሞቶ እናቴ የተቆጣችኝ ትዝ አለኝ። ነጠላ የማነጣውም በበረኪና ነው። ሹፌሩ ዶማውን አነሣ። ዝም ካልኩ የሚፈርሰው የጋሼ ግንብ ነው፤ ከግንቡም ጋር ስማቸው።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ማንም አልሰማኝም። ጉሮሮዬን ጠርጌ ጮህኩ፦ "እኔ ነኝ! እንዳትነካው!"

ሹፌሩ ዶማውን እንዳነሣ ቀረ። "ይህች ልጅ ድምፅ አላት እንዴ?"

"በረኪና ነው። ሳስገባ የነበረው የነጠላ እጣቢ ነው… ውሃ እንዳይባክን ብዬ… ሦስት ሳምንት ሙሉ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከዚያ እትዬ አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ይዘው "ወይኔ ልጄ! ጉድጓዱን ለፋሲካ አነጣሽው?" አሉ፤ ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እጃቸውም ከኪሳቸው ወጣ። ሹፌሩ ዶማውን ጥሎ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል "ሂድ ወዲያ፤ ይልቅ ባልዲ አምጣ!" አሉት።

ከጉድጓዱ የተወሰነውን ቀዳን፤ ትኩስ እበትና ንጹሕ ውሃ ጨመርን፤ ጠበቅን። የዚያ ፋሲካ ዶሮ በከሰል ተሠራ። በጭሱ ዓይኑ ባለቀሰ ቁጥር ሹፌሩ ወደኔ እያየ "በረኪና!" ይል ነበር፤ እኔም ከሌሎቹ ጋር እስቅ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ጠዋት ልብስ ሳሰጣ ማዕድ ቤት ውስጥ ጩኸት ሆነ። ጋዙ ተመልሶ ቱቦው ድምፅ ማሰማት ጀምሯል። ሁሉም ሮጦ ገባ። እኔ እንደ ልማዴ ካሰጣሁት አንሶላ ኋላ ቆሜ ቀረሁ። ጋሼ ወጡና አንሶላውን በዚያ ሻካራ እጃቸው ገለጥ አድርገው ክብሪት ዘረጉልኝ።

"ነይ ውጪ፣ አንቺ ልጅ። የገደልሽውን ራስሽ አስነሺው።"