የእትዬ ውባንቺ ቱቦ

እትዬ ውባንቺን የማያውቅ የሲያትል ሐበሻ ካለ፣ ወይ ትናንት ሲታክ ኤርፖርት ያረፈ ነው፣ ወይ ደግሶ አያውቅም። የእድራችን ዕቃ ቤት እሳቸው ናቸው። የሾማቸው ሰው የለም። አንድ ቀን ድስት ሲቆጥሩ ተገኙ፣ ከዚያ ወዲህ ማንም ሊነጥቃቸው አልደፈረም። ጉለሌ ሳሉ ሃያ ዓመት የእድር ዕቃ ሲጠብቁ አንዲት ማንኪያ እንዳልጠፋባቸው ይናገራሉ። ይህን ታሪክ እኔ የማንኪያዎቹን ቁጥር ያህል ሰምቼዋለሁ።

እኔ የድስቶቹ ሹፌር ነኝ። በሥራ ቀን ታክሲ እነዳለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ያው ታክሲ የጎላና የትሪ ማመላለሻ ይሆናል። አልፈልግም ማለት ይቻላል ይባላል። የቻለ ሰው ግን አላየሁም።

ድግስ ሲሆን ዕቃው ከየቤቱ ይሰበሰባል። ድስት ከድስት ይመሳሰላል፣ ዕቃው ሲመለስ ደግሞ የሰው ዓይን የተሻለው ላይ ያርፋል። ስለዚህ እትዬ ውባንቺ የልጃቸውን የሃኒን የጥፍር ቀለም ይዘው የየቤቱን ዕቃ ምልክት ያደርጉበታል። የይርጉ ቤት ቀይ፣ የዘሪቱ ሮዝ፣ የራሳቸው ወይን ጠጅ። ከዚህ ሌላ አንድ ሕግ አላቸው፤ የሰው ዕቃ ሳይታጠብ አይመለስም። በዚህ ሕግ ነው ጉዱ የመጣው።

በዘጠና አምስት፣ በፈረንጅ መሆኑ ነው፣ እድራችን የሚሰበሰበውም የሚደግሰውም ቢከን ሂል የሚባል ሰፈር ባለች አንዲት የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነበር። ፓስተሩ ደግ ሰው ስለሆኑ የአዳራሹን ቁልፍ ለእትዬ ውባንቺ ሰጥተዋቸዋል። እሳቸው ቁልፉን ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አሰሩት። ሲታጠቡም የሚያወልቁት አይመስለኝም። አሜሪካ ከገቡ ጀምሮ ሰው አምኖ በእጃቸው የሰጣቸው የመጀመሪያው ነገር እሱ ነበር። አልጋ በሚያነጥፉበት ሆቴል እንኳ ሲወጡ ቦርሳቸው ይፈተሻል።

በዚያ ዓመት ቤተ ክርስቲያኗ ኦርጋን ልታሠራ ተነሳች። አዲስ የሚገዛበት ስላልነበራት፣ ሃልቮርሰን የሚባል ዝምተኛ ሽማግሌ ከሦስት ያረጁ ኦርጋኖች አንድ ሊያወጣላት ተስማማ። አንዱ የራሷ የድሮው ነው፣ ሁለተኛው ከፈረሰ ሲኒማ ቤት፣ ሦስተኛው ከገጠር ከተዘጋች ቤተ ክርስቲያን የመጣ። ነፋስ ሲገባባቸው የሚጮኹት ቱቦዎች፣ የቆርቆሮውም የእንጨቱም፣ በአዳራሹ ጠረጴዛዎች ላይ ተደረደሩ። ሃልቮርሰን የቱ ከየት እንደመጣና የቱ የትኛውን እንደሚከተል በጠመኔ ጻፈባቸውና ወናፉን ሊያመጣ ኦሪገን ሄደ።

የእድራችን አባል የአቶ መሳፍንት ልጅ ሠርግ ደረሰ። ፓስተሩ፣ ቱቦዎቹ ቀስ ተብለው ወደ ጎን ክፍል ይግቡ አሉ። አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ።

«ከየት የመጡ ናቸው?» አሉ እትዬ ውባንቺ።

«ከሦስት ቤት የተሰበሰቡ ናቸው እትዬ።»

«ታዲያ የሰው ዕቃ ነዋ» አሉና ቱቦዎቹን በአዲስ ዓይን አዩአቸው። እኔ ኤርፖርት ሰው ይጠብቀኝ ስለነበር ሄድኩ።

ስመለስ ቱቦዎቹ ታጥበዋል። በሳሙና፣ ለብ ባለ ውሃ፣ አንድ በአንድ፣ እንቁላል እንደሚታጠብ። ከዚያ ደርቀው፣ ተወልውለው፣ እንደ ባንዲራ ሰልፍ ተማሪ በቁመታቸው ተሰልፈዋል። ሲኒማ ቤቱ ከገጠሩ፣ ገጠሩ ከቢከን ሂሉ ትከሻ ለትከሻ ቆሟል። የጠመኔ ምልክት የሚባል የለም። እውነቱን ለመናገር፣ በጣም ያምር ነበር።

ሠርጉ አለፈ። ሃልቮርሰን ሲመጣ እትዬ ውባንቺ ድፎ ዳቦ ይዘው በር ላይ ቆመው ጠበቁት፤ ምስጋና መቀበያ መሆኑ ነው። ሰውየው ገባ፣ አየ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር።

«ለምን ተቀመጠ?» አሉኝ እትዬ ውባንቺ።

ነገርኳቸው። አንዳንዶቹ ቱቦዎች ላይ የጥንት ሠሪዎች የጫሩት ፊደል ይታያል፣ ከብዙዎቹ ላይ ግን ዕድሜ በልቶታል፤ አሁን የማን የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም አልኳቸው። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። እጃቸው ወደ አንገታቸው ሄደ፣ ቁልፉን ከማተቡ ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ፓስተሩም፣ የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች አዝነዋል፣ ቁልፉ ይመለስ የሚሉ አሉ ብለው አንገታቸውን ደፉ። ያን ጊዜ ሃልቮርሰን ከወለሉ ሳይነሳ፣ ለመለየት ሰው ያስፈልገኛል፣ በር የሚከፍትልኝም ያስፈልገኛል፣ ቱቦው ሁሉ ቦታው እስኪገባ ቁልፉ እሷ ጋ ይቆይ አለ።

እንዲህ ሆኖ የእድራችን ዕቃ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከበሮና ጸናጽል እንጂ ሌላ መሣሪያ መግባቱን የሚጠየፉት እትዬ ውባንቺ፣ ከሆቴል ሥራ መልስ የኦርጋን ቱቦ ሲነፉ ከረሙ። ጉንጫቸውን ነፍተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። እሳቸው ይነፋሉ፣ ሃልቮርሰን ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፣ ከዚያ ወደ አንዱ ጠረጴዛ ይጠቁማል። በመጀመሪያው ቀን ጠመኔ ሲያነሳ ከእጁ ነጠቁት።

«ይሄ ነው ጉድ የሠራን በለው» አሉኝና የሃኒን የጥፍር ቀለም አወጡ። የሲኒማ ቤቱ ቀይ፣ የገጠሩ ሮዝ፣ የቢከን ሂሉ ነጭ። ሃልቮርሰን የእድሩን ድስቶች ገልብጦ አየ፣ የየቤቱን ቀለም ጠየቀ፣ ሳቀ። እናቷን ተከትላ የመጣችው ሃኒ ብቻ አልሳቀችም። «Mom, that's my stuff» አለች፤ የኔ ዕቃ እኮ ነው ማለቷ ነው። የሰማት የለም።

በመጨረሻ ሁሉም ተለየ፤ አንድ የእንጨት ቱቦ ብቻ ጎደለ። ስንዝር ተኩል የምትሆን ትንሽ ነገር። ምድር ቤቱ ተገለበጠ፣ አልተገኘችም። እትዬ ውባንቺ ለገብርኤል ጃንጥላ ተሳሉ። እህል አልበላ አላቸው። የማንኪያዋን ታሪክ መናገር አቆሙ፤ የዚያን ጊዜ ነው እኔም የደነገጥኩት።

ከዚያ ለሌላ ድግስ ዕቃ ልንጭን እሳቸው ቤት ተገናኘን። ዘሪቱ የማማሰያውን ከረጢት ዘርግፋ ታይ ነበር።

«ይሄ ደግሞ የማን ማማሰያ ነው?» አለች።

ቱቦዋ ነበረች። ወገቧ ድረስ ቀልታለች። የዶሮ ወጥ ትሸታለች። በመሳፍንት ልጅ ሠርግ ማን እንዳማሰለባት እስከ ዛሬ የተናዘዘ የለም፤ እኔ ግን ዘሪቱን ነው የምጠረጥረው።

«በቃ እጠቢያትና እዚያ ካሉት መሐል ጣል አድርጊያት» አለች ዘሪቱ። «ማን ያያል?»

እትዬ ውባንቺ ቱቦዋን ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ አደረጓት። ፈርተዋል። ሃያ ዓመት ማንኪያ ያልጠፋበት ስም ከረጢታቸው ውስጥ ወጥ ነክቶት ተገኘ፤ ቁልፉም ያለቀለት መሰላቸው። ከዚያ ሳያጥቧት በነጠላቸው ጠቀለሏትና «መኪናህን አስነሳ» አሉኝ። ከሕጋቸው ሲወጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቤተ ክርስቲያኗ ደጃፍ ፓርክ ሳደርግ ክንዴን ያዙ። «ያለውን ንገረው። እኔ ጋ ነበረች፣ ወጥ ተማስሎባታል በለው። አታሳምርልኝ።»

አላሳመርኩም። ሃልቮርሰን ቱቦዋን አሸተተ፣ ወደ አፉ አስጠግቶ ነፋ። ድምፅ ሰጠች። እሱ ግን በርበሬው ጉሮሮው ገብቶ እስኪያለቅስ ሳለ። እትዬ ውባንቺ ቁልፉን ፈትተው በመዳፋቸው ይዘው ቆመዋል። ሰውየው ቁልፉን አላየውም። ቦርሳቸውን ጠቆመ፣ የጥፍር ቀለሞቹን ተቀበለ፣ ቀዩንም ሮዙንም ነጩንም ወዲያ አድርጎ ወይን ጠጁን ከፈተ። ቱቦዋ እግር ላይ አንድ ነጥብ አደረገ።

«ምን ማለቱ ነው?» አሉኝ።

«የእርስዎ ናት እያለ ነው። ኦርጋኑ ነው የተዋሳት።»

እትዬ ውባንቺ አለቀሱ። ፓስተሩ መጥተው፣ ታዲያ አሁን ሁሉም ቦታው ገባ ማለት ነው ብለው ጠየቁ፤ ሃልቮርሰን፣ ገና ነው እንደማለት፣ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ስለ ቁልፉ ከዚያ ወዲያ ያነሳ ሰው የለም።

ኦርጋኑ የተመረቀ ዕለት ነጠላቸውን ተከናንበው ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። «የኛዋ የቷ ናት?» እያሉ ጎኔን ሲጎስሙኝ፣ ቀጠን ያለ ድምፅ በመጣ ቁጥር «ይቺ» እል ነበር። ስንወጣ፣ መልካም ነው፣ ከበሮን ግን አያህልም አሉ።

እስከ ዛሬ ድግስ ባለቀ ቁጥር ድስቱን ቆጥረው፣ ማንኪያውን ቆጥረው፣ ማማሰያውን ሁለቴ ቆጥረው፣ ዕቃ ከተጫነ በኋላ ወደ ላይ ይወጣሉ። የኦርጋኑን የጎን በር ከፍተው ጎንበስ ይላሉ። እኔ ሞተር አስነስቼ እጠብቃለሁ። መጥተው ይቀመጡና ቀበቷቸውን እያሰሩ «አለች» ይሉኛል።