አራት ድምፅ የነበረው ዘፈን

ልጅ እያለሁ ዘፈን ሰው ብቻውን የሚዘፍነው ነገር አይመስለኝም ነበር። አዲስ አበባ፣ ቀራንዮ ከነበረው ጭቃ ቤታችን ጀርባ፣ አባዬና ሦስት ወንድሞቹ ሸማ የሚሠሩበት የቆርቆሮ ክፍል ነበረች። አራቱም እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ከትተው፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ እየላኩ፣ ከጋሞ ደጋ ይዘውት የመጡትን አንድ የአጨዳ ዘፈን ይዘፍናሉ። እኔ በሩ ላይ ቁጭ እላለሁ። የጥጡ ብናኝ አፍንጫዬን እየኮረኮረ ያስነጥሰኛል፤ ክረምት ከሆነ ደግሞ የእርጥብ ጭቃና የአዲስ ድር ሽታ ይቀላቀልብኛል። እማዬ «አንቺ ልጅ፣ ሳንባሽ ጥጥ ሞልቶ ፍራሽ ልትሆኚ ነው!» እያለች ትጎትተኛለች። ማን ይነሳል!

ዘፈኑ አራት ድምፅ ነበረው፤ ቤታችን ውስጥ ለየድምፁ ስም ወጥቶለታል። አባዬ ጠሪ ነው፤ ዜማውን የሚያነሳው እሱ ነው። ሁለተኛው አጎቴ መላሽ ነው፤ አባዬ ሳይጨርስ እንደ ነገረኛ ሰው አቋርጦት ይገባል። ትንሹ አጎቴ ቀጭን ነው፤ ከላይ ሆኖ እንደ ሕፃን ይጮኻል። የሁሉም ታላቅ የሆኑት አጎቴ ሻንካ ደግሞ መሬት ይባላሉ፤ ከታች ሆነው ሦስት ቃል ብቻ እየደጋገሙ ያጉረመርማሉ። ለብቻቸው ብትሰሟቸው የታመመ ሰው ያቃስታል ትላላችሁ። አራቱ ሲገናኙ ግን፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ያቺ ጠባብ ክፍል ትሰፋ ነበር። ረግጬው የማላውቀው ደጋ፣ ገብሱ፣ ጉሙ፣ ሁሉም ይታየኝ ነበር።

እኛ ጴንጤዎች ነን። አባዬ ጌታን ከተቀበለ በኋላ ብዙ ዘፈን ትቷል፤ ይሄን ግን አልተወም። የቸርች ሽማግሌዎች መጥተው ሲጠይቁት «የአጨዳ ዘፈን ነው፤ ገብስ ማጨድ ኃጢአት ከሆነ ንገሩኝ» ብሎ አሳቃቸውና በዚያው ታለፈ።

ከዚያ ቤቱ መጉደል ጀመረ። መላሹ አጎቴ የአባቱን መሬት ሊያይ አገር ቤት እንደገባ እዚያው ቀረ። ቀጭኑ አጎቴ በአጭር ሕመም ሞተ። በእኛ ቤት ጎዶሎ ዘፈን አይዘፈንም፤ ደንቡ ነው። አባዬ አንዳንዴ ሥራ ላይ ሆኖ ሳያስበው ያነሳውና የመላሹ ቦታ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል። ከዚያ የሚሰማው መወርወሪያው ብቻ ነው። ብዙም ሳይቆይ አጎቴ ሻንካም ደረታቸውን ታመሙ፤ ሐኪሙ ከእንግዲህ የሸማ ሥራ አይሞክሩ አላቸው። አልጋ ላይ ከዋሉ ወዲህ የሚፈልጉት ነገር አንድ ብቻ ሆነ። ሊጠይቃቸው ለመጣ ሁሉ ይናገሩታል፦ «ሳልሞት አራቱንም አንድ ጊዜ ብሰማ።»

ይህን ከሰሙት አንዱ ጋሼ አየለ ነበሩ። ከጦር ሠራዊት ባንድ ጡረታ የወጡ ጥሩምባ ነፊ ናቸው፤ በሰፈራችን ኖታ የሚያነብ ሌላ ሰው አልነበረም። የእድሩ አዲስ አዳራሽ ሊመረቅ ነበርና ኮሚቴው ዝግጅቱን ለእሳቸው ሰጠ። እሳቸውም ሦስት ኳየር ሰበሰቡ፤ የእድራችንን እናቶች፣ የጎረቤት ሰፈራችንን የሳንሱሲን ወጣቶችና የኛን ቸርች ልጆች። ከየጎረቤቱ የአገር ቤት ዘፈን እየለቀሙ ሦስቱ አብረው እንዲዘፍኑት ያቀናብራሉ። የጉራጌውን አቀናበሩ፣ የኦሮሞውን አቀናበሩ። እነዚያ አላስቸገሩም፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ አለቀ። ቀጥለው እኛ ቤት መጡ። አጎቴ አልጋቸው ላይ ተደግፈው፣ ሳል እያቋረጣቸው፣ አራቱንም ድምፅ በየተራ ዘፈኑላቸው። ጋሼ አየለ ጽፈው ሲጨርሱ «ጋሽ ሻንካ፣ ይሄን በአራት ድምፅ ያሰማሁዎት ዕለት ጥሩምባዬን እሰቅላለሁ» አሉ። አጎቴ ሳቁ። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው የሳቁት!

እናቶች ጠሪውን ወሰዱ፣ የሳንሱሲ ወጣቶች መላሹን፣ የቸርች ልጆች ቀጭኑን። መሬቱን የሚይዝ ሰው ሲያንስ ጋሼ አየለ እኔን ጠሩኝ። ድምፄ ወፍራም ስለሆነ ክፍል ውስጥ «ከበሮ» ነበር የምባለው፤ ስንቴ እንዳለቀስኩበት እኔ ነኝ የማውቀው። ከጥቂት አባቶች ጋር አቆሙኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ አጎቴ አልጋቸው አጠገብ አስቀምጠው ራሳቸው ያስጠኑኛል። «አትቸኩዪ» ይሉኛል፤ «መሬት የትም አይሄድም። የሚሄዱት ሌሎቹ ናቸው።» ኩራቴ ደግሞ! ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት እንኳ «እኔ እኮ መሬት ነኝ» እያልኩ ልጆቹን አሰለቸኋቸው።

በየብቻችን ስንለማመድ ማለፊያ ነበርን። ሦስቱ ኳየር የተገናኘን ዕለት ጉድ ፈላ። እናቶች ጠሪውን አነሱ። ወጣቶቹ በመላሹ ገቡ፤ ሁለት መስመር እንደሄዱ ግን ወደ ጠሪው ተንሸራተቱ። ልጆቹ ተከተሏቸው። አጠገቤ ያሉት አባቶችም ሄዱ። ብቻዬን ሳጉረመርም ተገኘሁ። እናቶች ጫፍ ላይ የቆሙት ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች በክርናቸው ጎሸም አድርገውኝ «ተሳስተሻል፣ የኔ ልጅ» አሉኝ፤ በፍቅር ነው። ጋሼ አየለ ያስቆማሉ፣ ያስጀምራሉ፣ ደግመው ያስቆማሉ። ሁሌም ያው ነው። ማንም ሰነፍ አልነበረም እኮ። ያደግነው እንዲያ ነው፤ ሰው ዘፈን ሲያነሳ ከአፉ ትቀበለዋለህ፣ ብቻውን መተው ነውር ነው። ቸርችም የተማርነው በአንድ ልብ፣ በአንድ ድምፅ ነው። እትዬ ዘነበች ቁርጡን ተናገሩ፦ «እኔ ጎረቤቴ አንድ ነገር እያለች ሌላ ማለት አይሆንልኝም፤ የተጣላን ይመስላል።»

አባዬ አንድ ቀን ከቤት ጥጥ ይዞ መጣና የሁላችንንም ጆሮ ደፈነ። ሳቃችን መቼም አይነሳ። እኔ ማንም ሳያየኝ የራሴን አወጣሁ። ዘፈንን። ያዘ! እውነቴን ነው፣ ለጥቂት መስመር አራቱም ነበሩ፤ ያቺ የቆርቆሮ ክፍል መጣችብኝ። ግን ማን ማንን ይስማ፤ አንዱ ቀደመ፣ አንዱ ዘገየ፣ ወዲያው የጦር ኃይሎች ፌርማታ ታክሲ ረዳቶች ጩኸት ሆኖ አረፈው። ጥጡ ወጣ። ጥጡ ሲወጣ ሁሉም ወደ ጠሪው ተመለሰ።

ምረቃው ሲቃረብ የእድሩ ሊቀመንበር «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ተብሎ የለ? ሁላችሁም አንዱን በሉና ይለቅልን» አሉ። እኔ የሸማኔ ልጅ ነኝ፤ ድር ብቻውን ሸማ እንደማይሆን፣ ማግ እንደሚያስፈልገው አውቃለሁ። አባዬማ ከኔ በላይ ያውቃል። ግን አልተከራከራቸውም። ጋሼ አየለ ኖታቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፣ ዘፈኑም በአንድ ድምፅ እንዲሆን ተወሰነ። ለአጎቴ ማን ይንገራቸው? እማዬ አባዬን ታያለች፣ አባዬ ጋሼ አየለን ያያል። ማንም አልደፈረም። አጎቴም ምንም ሳያውቁ መሬቱን ማስጠናታቸውን ቀጠሉ። እኔም አጠና ነበር።

የምረቃው ቀን አጎቴ አዲስ ጋቢ ለብሰው በኮንትራት ታክሲ መጡ። ፊት ወንበር ላይ አባዬ አጠገብ ተቀመጡ። ዘፈኑ ተጀመረ። ማማሩስ አማረ፣ ምን ይዋሻል! ሦስት ኳየር በአንድ ድምፅ አዳራሹን አናወጠው፤ እልልታው ለጉድ ነው። እኔ አፌን ከፈትኩ እንጂ ድምፄ አልወጣም፤ ዓይኔ አጎቴ ላይ ነው። ወደ ፊት ጎንበስ ብለው፣ እጃቸውን ጆሯቸው ሥር አድርገው ይጠብቃሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ መሬቱን ይዘው ነበር፣ በዚያ ጫጫታ ማን ይስማቸው! ዘፈኑ አለቀ። ሰው ሁሉ ተነስቶ ሲያጨበጭብ ወደ አባዬ ዞር ብለው «ሌሎቹ መቼ ነው የሚገቡት?» አሉት።

አባዬ «አልቋል፣ ጋሼ» አላቸው።

«አይ!» አሉ። ሰው እየመጣ ጉልበታቸውን እየሳመ «ዘፈንዎ እንዴት ያምራል!» ይላቸዋል። እሳቸውም «ተባረኩ፣ ተባረኩ» ይላሉ። አዲስ ዓመት ሳይጠባ አረፉ። አራቱን ድምፅ አንድ ላይ ሳይሰሙ አለፉ።

አሁን ያ ዘፈን በኛ ሰፈር የማያውቀው የለም። ሠርግ ላይ በኪቦርድ ይመጣል፣ ጎረምሶቹ በስልካቸው ይላላኩታል፣ «አሪፍ ቢት አለው» ይላሉ። በአንድ ድምፅ ነው። ጋሼ አየለ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ኖታውን ልጆቻቸውን ጠይቄ ነበር፣ ቤቱ ሲፈርስ የት እንደገባ አያውቁም። መላሹ አጎቴም እዚያው አገር ቤት ተቀብሯል። ደጋው ላይ ሌላ ሌላውን ዘፈን ዛሬም በብዙ ድምፅ ይዘፍኑታል አሉኝ፤ ይሄንን የኛን ግን የሚያውቅ አላገኘሁም። መሬቱን ለልጄ ላስተምራት ብሞክር «እማ፣ ልክ እንደ ፍሪጁ ነው እኮ የምትዪው» አለችኝ። ሳቅኩ፤ ምን ላድርጋት? ያኔ በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል አራት ሰው ነበር። ዛሬ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲዘፍነው እሰማለሁ፣ ሦስቱን አጣቸዋለሁ።

ባለፈው እሑድ አባዬን ልጠይቅ ሄድኩ። አርጅቷል፤ ዓይኑም ደክሟል፤ በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ወሬ ስናጣ፣ ጠሪውን ያነሳልኛል በሚል ተስፋ መሬቱን ጀመርኩለት። ቀስ ብዬ፣ እንደተማርኩት፣ ሳልቸኩል። አላነሳም። በጨዋ ደንብ አዳመጠኝና ስጨርስ «ጥሩ ነው» አለኝ። «የየት አገር ነው?»

«የኛ እኮ ነው አባዬ! የአጎቴ ሻንካ!»

«ኧረ ተይ፣ የጋሼ ሻንካን ዘፈን እኔ አጥቼው ነው?» አለና ጠሪውን አነሳ፣ ልክ ሠርግ ላይ እንደሚዘፈነው። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። የመላሹ ቦታ ላይ ደረሰ፤ አላቆመም፣ አለፈው። ፊቱ ላይ ደስታ ነበር፣ የጎደለበት ነገር የለም። ቀና ብሎ አየኝ፣ እስክገባለት እየጠበቀ። አባቴን ብቻውን እንዴት ልተወው? ጠሪውን ከአፉ ተቀበልኩት።