ባህሪያና የስቴንስሉ ነጥቦች

ባህሪያ አባቦራ የጅማ ልጅ ናት። በደርግ ጊዜ ሰርቦ ውስጥ በአንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ቢሮ ታይፒስት ነበረች። እኔ እዚያው የወረቀት ማባዣውን አዞር ነበር።

የመፈልፈያ ማሽኑ መመሪያ በአማርኛ ተተርጉሞ መጣና እንድትጽፈው ታዘዘች። ያስቸገራት አራት ነጥቡ ነው። ታይፑን ጠንከር አድርገው ሲመቱት ስቴንስሉን፣ ለማባዣ የሚጻፍበትን ሰም የተቀባ ወረቀት፣ ይበሳና ሲባዛ ጥቁር ጠብታ ይሆናል፤ ለስለስ ሲያደርጉት ደግሞ ምንም አይወጣም። ስለዚህ የነጥቡን ቦታ ክፍት እየተወች ትጽፍና፣ ስቴንስሉን በመስኮቱ ብርሃን ይዛ በስፌት መርፌ ትወጋው ነበር።

ጽፋ ጨርሳ ነጥቡ ብቻ ሲቀር፣ የቆየ የስኳር በሽታዋ ዓይኗን ጋረደው። ከታወቀባት እንጀራዋ መቅረቱ ነውና ለማንም ሳትናገር መውጋት ጀመረች። ነጥቦቹ ፊደል ላይ አረፉ።

የቢሮው ኃላፊ ጓድ ዘርሁን ገጹን አንስቶ፣ «ጓዲት ባህሪያ፣ ዝንብ ነው እንዴ የሄደበት?» አላት።

«ዝንቡም ለእናት ሀገሩ እየሠራ ነው፣ ጓድ።»

ስቆ ወጣ። እሷ ግን እጄን ያዘችኝ። «ያ ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ ዓይኔ እምቢ አለኝ። መርፌውን አንቺ ያዢው።»

«ፊደል አላውቅም እኮ፣ አዴ።»

«አላህ ያሳውቅሻል።»

ደጋግማ ስላረመችው መመሪያውን በቃሏ ይዛዋለች። እሷ ትላለች፣ እኔ በጣቴ እከተላለሁ፤ ዝም ስትል እወጋለሁ። ፊደል የለየሁት እንዲህ ነው፤ የቀረውን ከተበላሹት ወረቀቶች ለብቻዬ ለቀምኩ። እግዚአብሔር ይመስገን።

መመሪያው ጠርቶ ወጣ። ጓድ ዘርሁን በጣም ደስ አለው። ከአዲስ አበባ እንግዶች ሲመጡ አስጠራትና፣ «የደከመችበትን ራሷ ታንብብልን» ብሎ አንድ ገጽ ሰጣት። ባህሪያ ወረቀቱን ወደ ፊቷ አስጠግታ የመጀመሪያውን ገጽ፣ በየነጥቡ እያረፈች፣ አንድ ቃል ሳትስት አነበበች።

እጇ ላይ የነበረው የመጨረሻው ገጽ ነው።

ማንም አልሳቀም። ጓድ ዘርሁን ወረቀቱን ቀስ ብሎ ተቀበላት።

በሳምንቱ ታይፑ ላይ ሌላ ሰው ተቀመጠ። ደዶ ወረዳ ወደምትኖረው እህቷ ስትሄድ አውቶቡስ ድረስ ሸኘኋትና አንድ ቅጂ ሰጠኋት። ጣቷን በገጹ ላይ አሳለፈች። የስቴንስሉን ቀዳዳ በጣቷ ታገኘው ነበር፤ ቀለም ግን አይዳሰስም።

«ወጥቷል?»

«ጥርት ብሎ ወጥቷል፣ አዴ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለችና ወረቀቱን መለሰችልኝ። «በይ አንብቢልኝ።»

አውቶቡሱ እስኪነሳ ድረስ አነበብኩላት።