አብራችሁ የምትበሉት ስንት ናችሁ?

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ ሁለት መልስ አለኝ። ለመተማ ዮሐንስ ሰው ጤና መኮንን ነኝ፤ ጤና ጣቢያ ያልመጣ ስለሌለ ሁሉም ያውቀኛል። ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ ለሚደውልልኝ ግን ጸሐፊ ነኝ፤ ለሐኪሞችና ለነርሶች ተከታታይ ሥልጠና የሚሰጥባቸውን ሞጁሎች እጽፋለሁ። የጤና ባለሙያ የሙያ ፈቃዱን ለማሳደስ ሥልጠናውን መውሰድ ግዴታው ነውና ወደደም ጠላም ያነበኛል። እንዲህ ያለ አንባቢ ያለው ጸሐፊ አገር ውስጥ ስንት ይገኛል እያልኩ እቀልዳለሁ። ቀልዱ ያስቃል። እዚህ ሥራ ውስጥ የከተተኝ ነገር ግን አያስቅም።

ታናሽ ወንድሜ ለሰሊጥ አጨዳ ከዳባት የወረደው እኔ በስልክ አትምጣ እያልኩ ስጮህበት ነው። ቆላው ደገኛ አይወድም፤ ያመመውን ስቀበል የምውለው እኔ ነኝና አውቀዋለሁ። እሱ ምን ገዶት! "እታለም፣ አንቺን የመሰለች ሐኪም እያለችኝ ምን እሆናለሁ?" ብሎ ሳቀብኝ። ከአገሩ ልጆች ጋር ተቧድኖ መጣና ሽንፋ አካባቢ አንድ የጎንደር ባለሀብት እርሻ ላይ ገባ።

እነዚህ ልጆች እንዴት እንደሚኖሩ ለማያውቅ ልንገር። ከአንድ ቀበሌ የወረዱት አንድ ላይ ያድራሉ። ዱቄቱ የጋራ ነው፣ ድስቱ የጋራ ነው፣ የላስቲክ ዳሱም የጋራ ነው። አንዱ አንድ ሲጋራ ቢያገኝ እንኳ ዞሮ ነው የሚጨሰው። እዚያ ብቻውን የሚበላ ሰው አለቀለት! አገሩ ሳይመለስ ስሙ ቀድሞት ይገባል፤ ሚስት የሚሰጠውም አያገኝ።

አንድ ቀን ወንድሜ ትኩሳት ጀምሮት ጤና ጣቢያ መጣ። መረመርኩት። ወባ ነው፣ ያውም ክፉው ዓይነት። ኪኒኑን ሰጠሁትና ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ ጋር፣ ሳታቋርጥ እስኪያልቅ ብዬ አስደገምኩት። እንደ ተማሪ እጁን አጣምሮ ደገመልኝ። እኔ ጋ ተኛ ብለው ወይ ፍንክች። ሰሊጥ ደርሶ ቶሎ ካልታጨደ ፍሬው መሬት ላይ ይራገፋል፤ በዚያ ሰሞን አሠሪውም አጫጁም አይያዝም አይጨበጥም። "ጓደኞቼን ጥዬ?" አለኝና ሄደ።

ከቀናት በኋላ ሲመልሱት በትራክተር ተሳቢ ላይ አጋድመው፣ በሸራ ጋርደው ነው። የዝናቡ ጭቃ ገና አልደረቀም ነበርና መንገድ ላይ ብዙ ቆይተዋል። ጤና ጣቢያው በር ላይ ሲደርሱ አልቆለታል። ግንባሩን ስነካው ይሞቃል። የትኩሳቱ ሙቀት ይሁን የፀሐዩ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሬሳውን ይዘን ዳባት እስክንደርስ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው። መድኃኒቱ ጥሩ ነው፤ ከዚያው ካርቶን የወሰዱት ሁሉ ድነዋል። በጊዜ ነው የመጣው። ታዲያ ለምን?

መልሱን ያገኘሁት ለቅሶው ላይ ነው። አብረውት ከወረዱት አንዱ፣ ረዥም ቀጭን ልጅ፣ እናቴ እግር ሥር ቁጭ ብሎ ማልቀስ ጀመረ። "እማማ፣ እንደሱ ያለ ሰው አይፈጠርም። ሁላችንንም አተኩሶን ነበር። ሥራው ስለማይለቅ ሐኪም ቤት የሄደ እሱ ብቻ ነው። መድኃኒቱን እንኳ ብቻውን አልዋጠም፤ እኩል አድርጎ አካፈለን!" ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ደረቱን መታ። እናቴ መርዶውን ከሰማች ጀምሮ ቀና ብላ አታውቅም፤ ያኔ ቀና አለች። "የኔ ልጅ! የኔ ለጋስ!" አለች።

የወባ መድኃኒት እንጀራ አይደለም። ተካፍለው ሲውጡት ለማንም አይበቃም፤ ትኩሳቱን ለጊዜው ያበርድና በሽታው ብሶበት ይነሣል። ከልጆቹ አንዳንዶቹ እዚያው ዳባት ሆስፒታል ተኝተው ዳኑ፤ አንዳንዶቹን ለቀቅ አደረጋቸው። እሱን አልማረውም። ወንድሜን የገደለውና እናቴን ያጽናናት አንድ ነገር ነው። ታዲያ ምን ልበላት? አፌን ዘጋሁ።

ዘጋሁ እንጂ አልበረደልኝም። እህል አልበላ አለኝ፤ በሽተኛው ላይ ሁሉ መጮህ ጀመርኩ። በዚህ መሐል ቆላ የሠራ ሰው ሞጁል እንዲጽፍላቸው የሚፈልጉ የሥልጠና አዘጋጆች ከጎንደር መጡ። ስለ እባብ ንድፊያ ጻፍኩላቸው። ቀጥሎ የአሸዋ ዝንብ ስለሚያስተላልፈው ካላዛር ጻፍኩ። ወደዱልኝ፤ "አንቺ ስትጽፊው ይገባል" አሉኝ። ቀን በሽተኛ አያለሁ፣ ከሥራ ስወጣ እጽፋለሁ። ኔትወርክ ሲጠፋ፣ እሱ ደግሞ መጥፋት ያውቅበታል፣ ፍላሹን ለአውቶቡስ ሾፌር አስይዤ ጎንደር እልካለሁ። መንገድ ሲዘጋ ሾፌሩም ፍላሹም ገንዳ ውሃ ከተማ ላይ ይቀራሉ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ስሜ ወጣ። የወባውን ሞጁል ጻፊ ሲሉኝ ግን እጄ ተያዘ።

በሞጁል ውስጥ ኬዝ የምንለው አለ፤ የአንድ በሽተኛ ታሪክ ይቀርብና ሠልጣኙ ምን ማድረግ እንዳለበት ይጠየቃል። ባለቤቱ እንዳይታወቅ ዕድሜውን፣ አገሩን፣ ሥራውን መቀየር ደንብ ነው። ወንድሜን ወሰድኩና ባለትዳር አደረግሁት። አገሩን ወሎ አደረግሁት። የሰሊጡን ማሳ የጥጥ አደረግሁት። መድኃኒቱን ማካፈሉን ግን በምን ልቀይረው? ገጹ የተጻፈው ለእሱ ነው። መጨረሻው ላይ ከቆላ እርሻ የሚመጣ የወባ በሽተኛ ሁሉ እንዲጠየቅ የምፈልገውን ጥያቄ አስቀመጥኩ፦ አብራችሁ የምትበሉት ስንት ናችሁ? ከመካከላችሁ ሌላ ያተኮሰው አለ? አለ ካለ መመርመሪያው ወደ ዳሱ ይሄዳል፤ ያመመው ሁሉ የራሱን ይወስዳል።

የፈራሁት እናቴን ነው። ታናሽ እህቴ ዳባት ነርስ ናት፤ ከእናቴ ጋር ትኖራለች። ፈቃዷን የምታሳድስበት ጊዜ ደርሶ ነበርና ይሄንኑ ሞጁል መውሰዷ አይቀርም። እሷ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ጮክ ብላ ካላነበበች አይገባትም። እናቴ ፊደል ባትቆጥርም ጆሮዋ አንድ ነገር አያመልጠውም። ገጹ ከወጣ እናቴ ትሰማለች፤ ከሰማች ያቺ አንዲት መጽናኛዋ ትወሰድባታለች። ገጹ ካልወጣ ደግሞ በመጪው አጨዳ የሌላ እናት ልጅ ያካፍላል።

ሞጁሉን የሚገመግሙት ሐኪሞች ሊገላግሉኝ ነበር። አንዱ ዶክተር "ይሄ ያሳዝናል እንጂ ትምህርት አይደለም፤ ስንት ሆነው እንደሚበሉ መጠየቅ መመሪያው ላይ የለም፤ ይውጣ" አለ። ይውጣ ብል እኮ ያልቅ ነበር! እናቴም ሰላሟን ታገኝ ነበር። ግን ደሜ ፈላ። "ዶክተር፣ ሰሊጥ ዳቦ ላይ እንጂ ማሳ ላይ አይተው ያውቃሉ?" አልኩት። ሌሎቹ ሳቁ። ከዚያ የወንድሜ ታሪክ መሆኑን ነገርኳቸውና ሳቁ ቆመ። ገጹ አለፈ።

እናቴ ከሰው ሳትሰማ ልድረስ ብዬ ዳባት ወጣሁ። አልደረስኩም። ቤት ስገባ እህቴ ዓይኗ አብጧል፤ እናቴ መደቡ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ታፍተለትላለች። "ወሎዬው የኔ ልጅ ነው አይደል?" አለችኝ፣ እንደምን ዋልሽም ሳትለኝ።

"አዎ እማዬ።"

"ብቻውን ቢውጠው ይድን ነበር?"

መዋሸት አሰብኩ፤ እግዜር ያውቃል አሰብኩ። "ይድን ነበር" አልኳት።

ነጠላዋን ማፍተልተሏን ተወች። "ልጅ ሆኖ ቆሎ ተደብቆ ሲበላ አገኘሁትና እጁን ገረፍኩት" አለች። "ከዚያ ወዲያ ብቻውን በልቶ አያውቅም።" አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ቆይታ ደግሞ "እነዚያ ልጆች ይሄን ያውቃሉ?" አለችኝ። አያውቁም አልኳት። "እንዳትነግሪያቸው። ልጆች ናቸው፤ እንዴት አድርገው ይችሉታል? በእኔ ይብቃ" አለች። እሺ ብዬ ማልኩላት።

ሰሊጡ እንደገና ደረሰ። እኔ እንኳን የጻፍኩትን ማድረግ አለብኝና ከእርሻ የመጣውን የወባ በሽተኛ ሁሉ እጠይቃለሁ። አንድ ረፋድ ላይ ያ ረዥም ቀጭን ልጅ ዓይኑ ቀልቶ፣ ጋቢ ተከናንቦ እየተንቀጠቀጠ ገባ። ሲያየኝ በዚያ ሕመሙ ላይ ፈገግ አለ። "የሟች እህት" ብሎ ሊስመኝ ተነሣ። ወባ ነበረበት።

"አብራችሁ የምትበሉት ስንት ናችሁ?" አልኩት።

ነገረኝ። ያተኮሳቸውም አሉ አለኝ። መመርመሪያውን ይዘን ዛሬውኑ እንደምንመጣ፣ ሁሉም የየራሱን እንደሚወስድ አስረዳሁት። ከዚያ ኪኒኑን እጁ ላይ አስቀመጥኩና ለበሽተኛ ሁሉ የምለውን አልኩ፤ ገጹ ላይ የጻፍኩትን፣ ሳልለው ልሰደው የማልችለውን። "ይሄ ያንተ ብቻ ነው። አንዲት ፍሬ ለማንም እንዳትሰጥ። ብታካፍል አንተም አትድን፣ እነሱም አይድኑ።"

ኪኒኑን አየው። እኔን አየኝ። ፈገግታው ቀስ እያለ ከፊቱ ሲጠፋ አየሁ።

"ታዲያ እሱ..." አለ።

ለእናቴ ምያለሁ። ውሃ ቀድቼ ሰጠሁትና "ዋጥ" አልኩት። መዋጥ አቃተው።