ቡጢና የእህቱ ባል

እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት ጥቂት ሰዎች ናቸው። ሌላው ሁሉ ቡጢ ይለዋል፤ እሱም አቤት ብሎ ይዞራል።

አባቱ የከባድ መኪና መካኒክ ነበር። ጋራዡና መኖሪያው አንድ ግቢ ውስጥ ስለነበሩ የተቃጠለ ዘይት ሽታ እስከ አልጋቸው ድረስ ይገባል። ሰውየው ሥራ ሲበላሽበትም ሲሳካለትም ይጠጣል። ከጠጣ ደግሞ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አሮጌ የሞተር ቺንጋ አውርዶ ወደ ቤት ይገባል። ቺንጋ እንደ ተራ ቀበቶ አይደለም፤ ጎማ ስለሆነ ያረፈበትን ቆዳ ይዞ ነው የሚነሳው። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የቀሩት ቡጢና ታናሽ እህቱ ነበሩ። የበሩ መቀርቀሪያ ሲንኳኳ ልጁ እህቱን አልጋ ሥር ይከታትና ጀርባውን ለአባቱ ሰጥቶ አልጋው ላይ ይደፋል። ያ ጀርባ ዛሬም ሸሚዝ ሲያወልቅ ሰው ዓይኑን ያዞርበታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን አባትየው ልጁን ገፍትሮ እህቲቱን በእግሯ ጎትቶ ወደ ጋራዡ አወጣት። ያን ጊዜ ልጁ ጢሙ ማቀምቀም ጀምሯል፤ ትከሻው የመኪና ጎማ በማንሳትና በማውረድ ሰፍቷል። ምን እንዳደረገ ሲጠየቅ "እጄ ሄደ" ከማለት በቀር የሚናገረው የለውም። አባቱ ወደ ኋላ ተንደርድሮ ብረት የሚታሰርበት ሞርሳ ላይ ተከሰከሰ። የፊት ጥርሶቹ ረገፉ። ልጁ እህቱን ጫማ እንኳ ሳታደርግ በእጇ ይዞ ከግቢው ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ ደጁን አልረገጠም። አባትየው ከዓመታት በኋላ ሲሞት ቀብሩ ላይ የቆመችው እህትየዋ ብቻ ናት።

ልጁ እህቱን ያሳደጋት የዱቄት ፋብሪካ ጆንያ እየተሸከመና በየሳምንቱ መጨረሻ ቦክስ እየተጋጠመ ነው። ቡጢ የሚለው ስም የወጣለትም እዚያው ነው። ከቦክስ ክለቡ አጠገብ አንድ ባንድ የሚለማመድበት መጋዘን ነበር። ድራም መቺው በቀረበት ቀን የባንዱ መሪ በቀልድ "ና እስቲ አንተ፣ ሰው ከምትደበድብ ይሄን ደብድብልን" አለው። ቡጢ ተቀመጠና መታ። የመታው ነገር አልደማም፣ አልወደቀም፣ አላለቀሰም። ከዚያ ወንበር የሚያስነሳው ጠፋ። ቦክሱን ትቶ ሲማር ከርሞ የአንድ ትልቅ አዳራሽ ባንድ ቋሚ ድራም መቺ ሆነ። እጁ ከባድ ነው፣ ጌጥ አያውቅም፣ ምቱ ግን ውልፍት አይልም።

ከአዳራሹ ጀርባ ሙዚቀኞች ቀን ቀን የሚሰበሰቡበት ሻይ ቤት አለ። እዚያ ማን ተጫዋች እንደሆነና ማን እንዳልሆነ የሚወስኑት አንድ ሽማግሌ የሳክስፎን ተጫዋች ነበሩ። ዳኛው ይሏቸዋል። ዳኛው ጭንቅላታቸውን ከነቀነቁለት ያ ሰው ሥራ አያጣም፤ ሻያቸውን ማማሰል ከጀመሩ ግን አለቀለት።

በዚያ ዘመን ከተማውን ያሳበደው አንድ የሮክ ባንድ ነበር። ፖስተሩ ያልተለጠፈበት ግድግዳ የለም። የባንዱ ጊታሪስት በወጣቱ ዘንድ ሊመለክ ምንም አልቀረውም፤ ሻይ ቤቱ ውስጥ ግን ስሙ "ሦስት ጣት" ነበር። ትንሿ ጣቱ ሥራ የላትም፣ የሚያውቀው ነገር በጣቶቹ ልክ ነው ለማለት ነው። ቡጢም አብሮ ይስቅ ነበር፤ እህቱ ይህንኑ ሰው ለምሳ ይዛው እስክትመጣ ድረስ።

"ወንድም ጋሼ፣ ላገባው ነው" አለች፣ ገና ሳይቀመጡ።

ቡጢ ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ አየው። ቀጭን፣ ዓይነ አፋር፣ ፖስተሩ ላይ ካለው ሰው ጋር የማይገናኝ። ከምሳ በኋላ "እስቲ ተጫወት" አለው። ተጫወተ። ቡጢ በሆዱ፣ እውነታቸውን ነው፣ ይሄ ልጅ ብዙም አያውቅም አለ። ነገር ግን እህቱ ገበታው ላይ እንደዚያ ስትስቅ አይቷት አያውቅም ነበር። አፉን ዘጋ።

ከሠርጉ በኋላ አንድ ቀትር ላይ ጊታሪስቱ ብቻውን ሻይ ቤቱ ገባ። ቡጢ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጊታሪስቱ በቀጥታ ወደ ዳኛው ጠረጴዛ ሄዶ እጅ ነሳ።

"ጋሼ፣ ከእርስዎ ጋር ለመተዋወቅ ነው የመጣሁት።"

ዳኛው ሻያቸውን ማማሰል ጀመሩ። "ትንሿን ጣትህን እስቲ አሳየኝ፣ መኖሯን ልይ።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጊታሪስቱም ፈገግ አለ። "ልክ ነዎት፤ ብዙ አላውቅም። ከፈቀዱልኝ ልማር ነው።"

እዚህ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር። አጠገባቸው የነበረው ትራምፔት ነፊ ግን ቀልዱ አልበቃው አለና የልጁን እጅ ጠረጴዛው ላይ አጣብቆ ያዘ። "ቆይ፣ እኛ እናነቃልሃለን!" ብሎ ትንሿን ጣት ወደ ኋላ ለጠጣት። ጊታሪስቱ "ተው፣ ተው" ሲል ቀጭን ድምፅ ተሰማ፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት።

ቡጢ ከጥጉ እንዴት እንደደረሰ ያየ የለም። ትራምፔት ነፊውን በኮሌታው አንስቶ ከግድግዳው ጋር አላተመው፤ አንዴ፣ ደግሞ፣ ደግሞ፣ ፊቱ ፊት እስከማይመስል። ብርጭቆ ተሰባበረ። ሊገላግል የመጣው አሳላፊ ክርን አፍንጫው ላይ አርፎበት ተዘረረ። ዳኛው ተነስተው "አንተ አውሬ!" ሲሉ ቡጢ ዞረና በእጁ ጀርባ መታቸው። መንጋጋቸው ሲላቀቅ ቤቱ ሁሉ ሰማው። ሽማግሌው አፋቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀመጡ፤ በጣቶቻቸው መሃል ደም ይወርዳል። ያኔ ነው የቡጢ ዓይን የተገለጠው። የራሱን እጅ እንደ ሌላ ሰው እጅ አየው።

ፖሊስ ጣቢያ ሊጠይቀው የመጣው ጊታሪስቱ ነበር፣ እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ። ቡጢ ምስጋና ጠብቆ ነበር።

"ማን ምታልኝ አለህ?"

"ጣትህን ሰበሩህ'ኮ!"

"ጣቷ የኔ ናት! እዚያ ቤት የገባሁት እንዲያከብሩኝ ነው፣ እንዲፈሩኝ አይደለም። ከእንግዲህ ማን ደፍሮ እውነቱን ይነግረኛል?" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እሺ፣ አንተ ንገረኝ። አንተ እንኳ ጊታር ተጫዋች ነው ትለኛለህ?"

ቡጢ መዋሸት አይችልበትም። ወለሉን አየ። ጊታሪስቱ ጠብቆ ጠብቆ ወጣ። በሩ ላይ የቆመችው እህቱ ሁሉንም ሰምታ ነበር።

"ወንድም ጋሼ፣ የሰው መንጋጋ ከመስበር አንዲት ቃል መናገር ከበደህ?" አለችው። ባሏን ተከትላ ሄደች፤ ከዚያም ቤቱ መምጣት ተወች።

ቡጢ ተፈርዶበት ታስሮ ሲወጣ አዳራሹ ሌላ ድራም መቺ ቀጥሯል። ሻይ ቤቱ እንዳይገባ ተከልክሏል። ወደ ዱቄቱ ፋብሪካ ተመለሰና አፉንም ጆሮውንም በዱቄት ደፍኖ ኖረ። ዳኛው መንጋጋቸው እስኪጠገን ሳክስፎን መንፋት አቅቷቸው ከርመው በመጨረሻ ዳኑ። የገረመው ነገር፣ የሮክ ባንዱ በኳስ ሜዳ ትልቅ ኮንሰርት ሲያዘጋጅ አብረውት እንዲነፉ የጠራው እኒያኑ ዳኛውንና የሻይ ቤቱን ነፊዎች መሆኑ ነው። ካልጠራችኋቸው አልጫወትም ያለው ጊታሪስቱ ነበር አሉ። ዳኛውም "ሥራ ሥራ ነው" ብለው ሄዱ።

ለኮንሰርቱ ጠባቂ ሲፈለግ የቡጢን ክንድ የሚያውቅ አንድ ሰው ጠቆመው። መድረኩ ፊት ካለው የብረት አጥር ሥር አቆሙት። ለእህቱ አልነገራትም።

ገና ፀሐይ ሳትበርድ ሜዳው ጢም አለ። ውጭ የቀረው ሕዝብ ግን ከገባው ይበልጥ ነበር። ሙዚቃው በተጀመረ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የኋላው በር ተገነጠለ። ፖሊስ በዱላ ሊመልስ ሞከረ፤ ድንጋይ መጣለት። ድንጋይ የፈራው ወደፊት ሮጠ፣ ዱላ የፈራውም ወደፊት ሮጠ። ያ ሁሉ ሰው አንድ ላይ ሆኖ አጥሩ ላይ ተደፋ።

ቡጢ ብዙ ደም አይቷል፤ እንደዚያ ያለ ነገር ግን አላየም። አጥሩ ላይ የተጣበቁት ሰዎች አይጮኹም፤ ለጩኸት የሚሆን ትንፋሽ የላቸውም። ፊታቸው ጠቁሮ ዓይናቸው ብቻ ይለምናል። ቡጢ የደረሰበትን በብብቱ ይዞ ወደ መድረኩ በኩል እየነቀለ ያወጣ ጀመር። መንገድ የዘጋበትን ይመታል፤ አንዱን ለማውጣት ሌላውን በቡጢ ይገፋል። ከኋላ የመጣ ጠርሙስ ጆሮው ላይ ፈነዳ። ዓለም በአንድ ወገን ዝም አለችበት።

ሙዚቀኞቹ መሣሪያቸውን እየጣሉ በኋላ ደረጃ ሸሽተዋል። ዳኛው ግን ደረጃው ላይ ተረግጠው እግራቸው ተሰብሮ መድረኩ ዳር ወድቀዋል። ቡጢ ቀና ሲል መድረኩ ላይ የቆመ አንድ ሰው አየ፤ የእህቱን ባል።

ጊታሪስቱ አልሸሸም። በጣም የታወቀውን የባንዱን ዜማ መግቢያ፣ ሕፃን የሚያውቃትን ያቺን ቀላል ነገር፣ ደጋግሞ ይመታል፤ በማይኩም "ወደ ኋላ! አንድ እርምጃ! ወደ ኋላ!" ይላል። ድንጋይ ግንባሩን አገኘው። ተንገዳገደ፣ ደሙ ዓይኑን ሞላው፣ እጁ ግን አልቆመም። ሌላ ድንጋይ ደረቱን መታው። አልቆመም።

ቡጢ ዘሎ መድረኩ ላይ ወጣ። ድራሙ ባለቤት አልባ ሆኖ ተቀምጧል። ተቀመጠና ዋናውን ምት በእግሩ ሰጠው፤ ከባዱን፣ ደረት የሚነካውን። "ወደ ኋላ!" ይላል ጊታሪስቱ፤ ቡጢ ይመታል። መጀመሪያ ከአጥሩ ርቀው ያሉት፣ ቀጥሎ የመሃሎቹ፣ ሳያውቁት በምቱ ልክ ወደ ኋላ መርገጥ ጀመሩ። አንድ ብረት የያዘ ሰካራም ወጥቶ ብረቱን በቡጢ ትከሻ ላይ አሳረፈው። ቡጢ በግራ እጁ አንዴ ሰነዘረና ከመድረኩ አወረደው፤ ቀኝ እጁ ምቱን አላቋረጠም። እንዲህ እንዲህ እያለ በአጥሩና በሕዝቡ መካከል ክፍተት ተፈጠረ። ሰዎች ትንፋሽ ሲስቡ ሜዳው ሁሉ የሚያቃስት መሰለ።

ሁሉም አልተረፉም። አጥሩ ሥር ከቀሩት አንዷ የባንዱ ፎቶ ያለበት ቲሸርት የለበሰች ወጣት ነበረች፤ ጊታሪስቱ ከቆመበት ፊት ለፊት።

ሆስፒታሉ አልጋ አጥሮት ዳኛውን፣ ቡጢንና ጊታሪስቱን አንድ ክፍል ውስጥ አስተኛቸው። ትራምፔት ነፊው ሽማግሌውን ሊጠይቅ መጣ፤ አፍንጫው ከዚያ ቀን ወዲህ ጠማማ ነው። ቡጢን ሲያይ በሩ ላይ ቆመ።

"ግባ፣ አይነክስም" አሉት ዳኛው።

ገብቶ ሹክ አላቸው፣ ጊታሪስቱ የተኛ መስሎት። "እና ጋሼ፣ አሁንስ ተጫዋች ነው?"

"አይደለም" አሉ ዳኛው ድምፃቸውን ሳይቀንሱ። "ጣቱ ያው ነው። እኔ ግን ደረጃው ላይ ወድቄ ሳየው ነበር። እግሬ ሲድን እሱ በገባበት ቤት ሁሉ እነሳለታለሁ። ያልተነሳ ካለ እኔን ንቋል።"

ጊታሪስቱ ግን አልተኛም ነበር። ግድግዳውን እያየ እንባው ይወርዳል። ያን ያህል ዘመን የተመኘው ቃል ጆሮው ስር ሲነገር አልሰማውም። "ልጅቷን እያየኋት'ኮ ነው" ይላል ለብቻው፣ "እያየኋት።"

ቡጢ ከአልጋው ወርዶ አጠገቡ ተቀመጠ።

"ድንጋዩ ሲመታህ ምቱ አልተነቃነቀም" አለው። "እኔ እንኳ ጆሮዬን ስመታ ትንሽ ሸሽቻለሁ። አንተ አልሸሸህም። ካንተ ጋር መጫወት እፈልጋለሁ።"

ጊታሪስቱ ጭንቅላቱን የቡጢ ትከሻ ላይ፣ ባልቆሰለው በኩል፣ አሳረፈ። እህቱ ምግብ ይዛ ስትገባ እንደዚያው ሆነው አገኘቻቸው። ሳህኑን አስቀምጣ በሁለቱ መካከል ተቀመጠች።

ጊታሪስቱ ለረጅም ጊዜ መሣሪያ አልነካም። ባንዱም ያለ እሱ ብዙ አልሄደም። ሻይ ቤቱ ሲገባ ዳኛው በከዘራቸው ተደግፈው ይነሳሉ፤ ቤቱም አብሮ ይነሳል። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ ጥግ ይይዛል። አንድ ቀን "ጋሼ፣ ያኔ ልማር ብዬዎት ነበር" አላቸው። አሁን በሳምንት ውስጥ ደጋግሞ እቤታቸው እየሄደ ይሰደባል። "አይ አንተ! ይሄ እጅ ነው ማማሰያ?" ይሉታል፤ እሱም እየሳቀ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ቡጢም አብሮት ይሄዳል፤ በአንድ ጆሮው ብቻ ስለሚሰማ ወንበሩን ወደ ጊታሩ ያዞራል። ፋብሪካውን አልተወም። ሽማግሌው ሲሳደቡ ግን አንዳንዴ መዳፉ በራሱ ይጨበጣል። ያን ጊዜ ሁለቱን በትሮች አንስቶ ጉልበቱ ላይ ቀስ ብሎ መምታት ይጀምራል።